«ጠልዘው!» ማለት ይብቃን

ዛሬ ብዕራችንን ያነሳነው ስለ ሹም ሽርም ሆነ ስለ መግለጫ አይደለም፤ ስለ ኳስ ነው። «አገር እንዲህ ሆና ስለ ኳስ?» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ትንሽ ይታገሠን። ነገሩ ከልጆቻችን አስተዳደግ ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝተነዋል፤ በሚመጣው እሑድም ድምፅ የሚሰጥበት ጉዳይ ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ዳር ቆመናል። የሚጫወቱት ዕድሜያቸው አሥራ ሁለት ያልሞላ የሐበሻ ልጆች ናቸው። እንደ እኛ ያለ ወላጅ ሠላሳ የሚሆን ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ ተደርድሯል፤ ገሚሱ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ ዐይኑን ሳይከድን የመጣ ነው። ኳሱ ከበረኛው ወደ ቀኝ ተከላካዩ መጣ። ልጁ ተቀበለና ቀና አለ። መሀል ላይ ጓደኛው ባዶውን ቆሞ እጁን ያሳየዋል። በዚህ መካከል ከሜዳው ዳር አንድ ጎልማሳ «ጠልዘው!» ብሎ ጮኸ። ሌላውም ተቀብሎ «አውጣው! አርቀው!» አለ። ልጁ ሜዳውን ማየቱን ትቶ ወደ ድምፁ ዞረ። በዚያች ቅጽበት ኳሱን ከእግሩ ሥር ወሰዱትና አገቡብን።

መጀመሪያ የጮኸነው እኛ ነበርን። ልጁም የእኛው ነው።

ጨዋታው 5 ለ 1 አለቀ። እውነቱን ለመናገር ከአምስቱ ሦስቱ የገቡት እዚያው በራችን አፍ ላይ ስንቀባበል በተነጠቅነው ኳስ ነው። ወጣቱ አሰልጣኝ እዚሁ ያደገ የእኛው ልጅ ነው፤ ቀን ሌላ ሥራ አለው፤ ልጆቻችንን የሚያሠለጥነው አንድ ሳንቲም ሳይከፈለው ነው። ቡድኑን ከተረከበ ጀምሮ የሚላቸው አንድ ነገር ነው፦ «ኳሱን አትጣሉት፤ ከበረኛው ጀምራችሁ እየተቀባበላችሁ ውጡ።» እስካሁን ከስምንት ጨዋታ ያሸነፍነው ሁለቱን ብቻ ነው። ስለዚህም ከቅዳሜው ሽንፈት በኋላ የወላጆች ስብሰባ ለእሑድ ተጠርቷል፤ አጀንዳው አንድ ነው፤ አሰልጣኙ ይቀየር ወይስ ይቆይ?

ከሜዳው ስንወጣ አንድ አባት ክንዳችንን ይዞ «ጋሼ፣ ልጆቻችን ባርሴሎና አይደሉም እኮ! ኳስ ማራቅ ይማሩና ያሸንፉ። ማሸነፍ ያልለመደ ልጅ በዚህ አገር ምን ይሆናል?» አለን። ይህን ንግግር በፌዝ ልናልፈው አንፈልግም። ሰውየው ልጁ በሰው አገር አንገቱን ቀና አድርጎ እንዲሄድ የሚመኝ አባት ነው። እኛም በልባችን ተስማምተን ወደ መኪናችን ሄድን። ልጃችን ከኋላ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በኋላ ግን «አባዬ፣ አሰልጣኙ ኳስ ከመቀበሌ በፊት ዞር ብዬ እንዳይ ነግሮኛል። አንተ ስትጮኽ ግን የማየው አንተን ነው» አለን። መልስ አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ የወለደው ያ መልስ ማጣት ነው።

ኳስ መቆጣጠር ምን ማለት ነው?

በቅድሚያ ቃሉን እናጥራው። በየሰፈራችን «ኳስ ያበዛል» የሚባል ልጅ ነበር። አብዶ እየሠራ ሦስት ሰው ያልፍና አራተኛው ይቀማዋል። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ ተቀምጦ ያጨበጨበ ሁሉ የዚህን ዓይነት ተጫዋች ያውቃል፤ እኛም አጨብጭበናል። ያ ግን ኳስ መውደድ ነው እንጂ ኳስ መቆጣጠር አይደለም።

ኳስ መቆጣጠር የቡድን ሥራ ነው፤ ዓላማውም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ኳሱ እኛ ዘንድ እስካለ ድረስ ተጋጣሚ ሊያገባብን አይችልም። ሁለተኛ፣ ኳስ አይደክመውም፤ የሚደክመው የሚያሳድደው ሰው ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ተጋጣሚ ወደ ኳሱ በተሳበ ቁጥር ከጀርባው ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ያንን ቦታ አግኝቶ ወደፊት መሄድ ነው ነገሩ። ሦስተኛው ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጊዜ ከመግደል አያልፉም።

ታዲያ ይህ እንዴት ይሠለጥናል? በዚህ ሳምንት ማክሰኞና ሐሙስ ልምምዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመን አየን። እስከዚያ ድረስ ልጃችንን አድርሰን መኪና ውስጥ ስልክ ስንነካካ ነበር የምንጠብቀው። አንድን ሰው ሥራውን ሳናይ ልናባርረው ተዘጋጅተን እንደነበር ሲገባን አፍረናል።

ልምምዱ የሚጀመረው እኛ በልጅነታችን በጨርቅ ኳስ «መሀል ባልገባ» በምንለው ጨዋታ ነው። ስፔኖች ሮንዶ ይሉታል። በየአቅጣጫው ስምንት ሜትር ያህል በሆነ አራት ማዕዘን ዙሪያ አራት ልጆች ይቆማሉ፤ ሁለት መሀል ይገባሉ። ዙሪያ ያሉት በሁለት ንክኪ ብቻ ይቀባበላሉ፤ ኳስ ያስቀማ መሀል ይገባል። ከሩቅ ላየው የልጅ ጨዋታ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን አሰልጣኙ ሥራ ላይ ነው። ኳስ ሲነጠቅ ያቆማቸዋል፤ ጥያቄው ግን «ለምን አስቀማህ?» አይደለም፤ «ኳሱ ሳይደርስህ ምን አይተህ ነበር?» ነው። ልጁ «ምንም» ሲል ይስቃሉ፤ በሚቀጥለው ግን ኳሱ ገና በመንገድ ላይ ሳለ አንገቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዞር አየነው።

ከማየት ቀጥሎ አቋም ይመጣል። ልጁ ደረቱን ሙሉ በሙሉ ለኳሱ ሰጥቶ ከቆመ ከኋላው ያለውን ሜዳ አያይም። ጎኑን ከፈት አድርጎ ከኳሱ በራቀው እግሩ ቢቀበል ግን ከፊቱም ከጎኑም ያለውን ያያል፤ በአንድ ንክኪም ወደፊት መዞር ይችላል። የሚያቀብለውም ኳሱን ለሰው ብቻ ሳይሆን ለትክክለኛው እግር መስጠት ይማራል። ተከላካይ ወደተጠጋበት እግር የተላከ ኳስ ለጓደኛ የተዘረጋ ወጥመድ ነው። ኳሱ ቀስ ብሎ ከተላከ ደግሞ ተቀባዩና ተጋጣሚው እኩል ይደርሳሉ።

ከሁሉ የከበደው ኳስ ያልያዘው ልጅ ሥራ ነው። አንድ ተጫዋች በጨዋታው ውስጥ ኳስ እግሩ ሥር የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ የሚያሳልፈው ያለ ኳስ ነው። በዚያ ጊዜ የት ይቆማል? ኳስ የያዘው ጓደኛ በግራም በቀኝም የሚሰጠው ሰው እንዲኖረው ሦስት ማዕዘን እየሠሩ መቆም፣ ከተከላካይ ጀርባ ተደብቆ አለመቅረት፣ ጓደኛ ሲጨነቅ ሳይጠሩት መቅረብ ያስፈልጋል። እኛ ዳር ቆመን የምንሰድበው ኳስ የተነጠቀውን ልጅ ነው። ማክሰኞ ዕለት እንዳየነው ግን ከግማሽ በላይ ጥፋቱ ራሳቸውን ሳያሳዩት የቀሩት የሌሎቹ ነው።

በረኛውም ሥራ አለው። ይህ ነገር የአንድ ወጣት አሰልጣኝ ቅዠት እንዳይመስለን፣ የምንኖርበት አገር ደንብ ራሱ ምን እንደሚል እንይ። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2017 በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሰባት ለሰባት ሲጫወቱ በሜዳው ላይ ልዩ መስመር ይሰመራል። በረኛው ኳስ ሲይዝ ተጋጣሚዎቹ ከዚያ መስመር ጀርባ ይመለሳሉ፤ በረኛውም ኳሱን ከእጁ ለቅቆ ወደ ላይ መጠለዝ አይፈቀድለትም። ደንቡ የወጣው ልጆቹ ከኋላ ጀምረው እየተቀባበሉ መውጣትን እንዲለምዱ ነው። በ2019 ደግሞ የዓለሙ ሕግ ተሻሽሎ በመልስ ምት ጊዜ ኳሱ ከቅጣት ክልሉ ሳይወጣ የራስ ተጫዋች ሊቀበለው ተፈቅዷል። የሕጎቹ አቅጣጫ ወዴት እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

የታገሡት ምን አገኙ?

«ባርሴሎና አይደሉም» ላለን አባት አንድ ነገር እናስታውሰው፤ ባርሴሎናም በአንድ ቀን ባርሴሎና አልሆነም።

የዚህ ትምህርት አንዱ ምንጭ ሆላንድ ነው። ሪኑስ ሚኬልስ የሚባሉ አሰልጣኝ አያክስን ይዘው በ1971 የአውሮፓን ዋንጫ አነሱ። የሜዳው አእምሮ ዮሃን ክራይፍ ነበር። በ1974 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሆላንዶች ኳሱን ጀምረው ተቀባብለው ተቀባብለው፣ ክራይፍ ሰንጥቆ ገብቶ ተጠለፈና ሪጎሬ አገኙ። ጀርመኖች ኳሱን ለመጀመሪያ ጊዜ የነኩት ከመረባቸው ሲያወጡት ነው። ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ለእኛ ክርክር በተመቸ ነበር፤ ነገር ግን ጨዋታውን 2 ለ 1 ያሸነፉት ጀርመኖች ናቸው። ወደዚህ እንመለስበታለን።

ክራይፍ በ1988 የባርሴሎና አሰልጣኝ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የስፔን ሊግ ዋንጫ አላገኘም፤ ይባረር የሚለው ጩኸትም አልቀረለትም። ታገሡት። በሦስተኛው ዓመት፣ በ1991፣ ሊጉን አነሳ፤ እስከ 1994 ድረስ በተከታታይ አራት ጊዜ። በ1992 ክለቡ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ ዌምብሌይ ላይ አገኘ። በዚያ ቡድን መሀል ሜዳ ላይ የነበረው ወጣት ፔፕ ጋርዲዮላ ይባላል።

ጋርዲዮላ በ2008 አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ ኑማንሲያ በተባለ ትንሽ ክለብ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ በሁለተኛው ከራሲንግ ሳንታንደር ጋር 1 ለ 1 ወጣ። ሁለት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ! የእኛ የወላጆች ኮሚቴ ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ሳምንት ስብሰባ በጠራ ነበር። በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ፣ በ2009፣ ቡድኑ ሊጉን፣ የንጉሡን ዋንጫና የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አንድ ላይ ወሰደ። የስፔን ብሔራዊ ቡድንም በ2010 የዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታውን በስዊዘርላንድ 1 ለ 0 ተሸንፎ ነው የጀመረው። አካሄዱን አልቀየረም፤ ከምድቡ ካለፈ በኋላ አራቱንም ጨዋታ 1 ለ 0 እያሸነፈ ዋንጫውን በላ።

«እኛም ሞክረነው አልነበረም ወይ?»

ተቃዋሚዎቻችን ግን ባዶ እጃቸውን አይደሉም፤ ማስረጃቸውን መደበቅ ደግሞ ከአንድ ጋዜጠኛ አይጠበቅም። ያው ስፔን በ2018 የዓለም ዋንጫ ሩሲያን ገጥሞ ከ1,000 በላይ ኳስ ተቀባብሎ 1 ለ 1 ወጣ፤ በመለያ ምት ተሰናበተ። በ2022 በሞሮኮ ላይ እንዲሁ ከ1,000 በላይ ተቀባብሎ አንድም ግብ ሳያገባ በመለያ ምት ወደቀ። ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ጃፓን 18 በመቶ ያህል ብቻ ኳስ ይዛ 2 ለ 1 አሸንፋዋለች።

የራሳችንም ታሪክ አለ። በጥር 2013 ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ የቅብብል ጨዋታቸውን ይዘው ነው ደቡብ አፍሪካ የገቡት። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን በመጀመሪያው ጨዋታ በረኛው በቀይ ካርድ ወጥቶበት፣ በአሥር ሰው፣ የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ያዘ። ያን ቀን ያላለቀሰ ስደተኛ ማን ነው? በአራተኛው ቀን ግን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈን። ልብ በሉ፤ በሁለተኛው አጋማሽ በረኛው በቀይ የወጣበት እነሱ ዘንድ ነው። በዚያን ጊዜ ውጤቱ 1 ለ 0 ብቻ ነበር። ሦስቱን ጨምረው ያገቡብን በአሥር ሰው እየተጫወቱ ነው።

«ታዲያ ይኸው! ጠልዘን ቢሆን ኖሮ…» የሚለን አለ። እኛ የምናነበው ሌላ ነው። ቡርኪናዎች ያሸነፉን ኳስ ስለያዝን ሳይሆን ኳስ ስናጣ የምናደርገውን ስላላወቅን ነው። ሁላችንም ወደፊት ሄደን፣ ከኋላ ጠባቂ ሳንተው፣ ኳሱ በተነጠቀ ጊዜ ቆመን አዘንን። ኳስ ቁጥጥርን በግማሹ የተማረ ቡድን ከሚጠልዝ ቡድን የባሰ ይጋለጣል። የ1974ቱ ሆላንድም የ2018ቱ ስፔንም ችግር የዚሁ ዘመድ ነው፤ ኳሱ በእጃቸው ነበር፤ የሚሄዱበት ግን ጠፋቸው።

የጋርዲዮላን ባርሴሎና ታላቅ ያደረገው ቅብብሉ ብቻ አልነበረም። ኳስ እንደተነጠቁ በአምስትና በስድስት ሰከንድ ውስጥ ሦስት አራት ሆነው ተጋጣሚውን ከብበው መልሰው ይቀሙ ነበር። ይህን ማድረግ የቻሉት ሲቀባበሉ እርስ በርስ ተቀራርበው ስለቆሙ ነው። ቅብብሉና መልሶ መንጠቁ የአንድ ትምህርት ሁለት ገጽ ናቸው።

የእኛም ሰዎች ይህን አልተማሩም ማለት አይደለም። በሰኔ 2022 አገር ቤት ደረጃውን ያሟላ ስታዲየም ታጥቶ «የሜዳችን» ጨዋታ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ተደረገ። የአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ቡድን ኳሱን መሬት ለመሬት እያስኬደ ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 ረታ። ኢትዮጵያ ቡናም በቀድሞ ተጫዋቹ በካሳዬ አራጌ ሥልጠና ስር በቅብብል ሲጫወት ደጋፊው ተከራክሮበታል፤ ተሰዳድቦበታልም፤ ነገር ግን አቡበከር ናስር በ2020/21 የውድድር ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን የሰበረው በዚያ ቡድን ውስጥ ነው።

ለበላይ ይታይ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። «ጠልዘው!» ብለን የጮኽነው ለምንድን ነው? ጨዋታውን ስለማናውቅ አይደለም። ፈርተን ነው። ይህን ፍርሃት ከየት እንዳመጣነው ስናስብ ከሜዳ ሳይሆን ከጋዜጣ ክፍል ሆኖ አገኘነው።

ከስደት በፊት በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ዓመታት አሳልፈናል። አንድ ወጣት ዘጋቢ ነበረን። ስለ አንድ ቀበሌ የውሃ እጥረት ቦታው ድረስ ሄዶ፣ እናቶች ጀሪካን ይዘው ሌሊት ሲሰለፉ አይቶ፣ ጽፎ ያመጣል። ጽሑፉ ጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የምንጠይቀው «እውነት ነው ወይ?» ብለን አልነበረም፤ «ቢወጣ ማን ይጠየቃል?» ብለን ነበር። በጽሑፉ ኅዳግ ላይ «ለበላይ ይታይ» ብለን እንጽፍና እንፈርማለን። የበላዩም ለበላዩ ይልከዋል። ጽሑፉ ተከለከለ አይባልም፤ ግን ተመልሶ አይመጣም። ኳሱ ከእኛ ክልል ርቋል፤ የት እንደወደቀ ግድ የለንም።

ያ ልጅ ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነበት በኋላ አራተኛውን አልጻፈም። የስብሰባ ዜና ብቻ ያመጣ ጀመር። ማንም አልቀጣውም፤ ማንም አልገሠጸውም። ኳስ እግሩ ሥር ሲደርስ ቶሎ ማራቅን የተማረው እኛን አይቶ ነው። ይህን ጥፋት ለሥርዓቱም ለአለቃም አሳልፈን አንሰጥም፤ በኅዳጉ ላይ ያለው ፊርማ የእኛ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ሜዳ ዳር ቆሞ የጮኸውም ያው ሰውዬ ነው።

አሰልጣኙ ልጆቹን ሊያስተምራቸው የሚሞክረው የዚህን ተቃራኒ ይመስለናል። ኳስ ሲመጣ መቀበል፣ ተጋጣሚ እየሮጠ ሲመጣ ለአንዲት ሰከንድ መታገሥ፣ አይቶ መወሰን፣ ተሳስቶ ቢነጠቅ ተነስቶ ማሳደድ። ልጁ ሲሳሳት የሚጮኽበት ካለ ግን ይህ ትምህርት አይገባውም። ስህተት የሚያስፈራው ልጅ ኳስ እንዲመጣለት አይፈልግም፤ ከተከላካይ ጀርባ ይደበቃል፤ ከመጣለትም ያርቃል። የዚህ አሰልጣኝ ትልቁ ተጋጣሚ ቅዳሜ የገጠመን ቡድን አልነበረም፤ ከሜዳው ዳር የተደረደርነው እኛ ነን።

ምን ይደረግ?

አበው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። ሆኖም ትዕግሥት ያለ ሥራ ተስፋ ብቻ ስለሆነ ለእሑዱ ስብሰባ ያዘጋጀነውን ሐሳብ እዚሁ እናቀርባለን።

ለአሰልጣኙ ሦስት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ ልምምዱን ስናይ ኳስ ከተነጠቀ በኋላ የሚደረገው ነገር በቂ ጊዜ አልተሰጠውም። ከ«መሀል ባልገባ» ላይ ጨዋታው እንዳይቆም፤ መሀል ያለው ሲነጥቅ ያስቀሙት እዚያው አምስት ሰከንድ እንዲያሳድዱት ይደረግ። ኳስ ሲሄድም ቢያንስ ሁለት ልጆች ከኋላ ሚዛን ይጠብቁ። ቅዳሜ የገቡብን ሦስት ግቦች የመጡት ከዚህ ጉድለት ነው። ሁለተኛ፣ ረጅም ኳስ ኃጢአት እንዳልሆነ ልጆቹ ይወቁ። ተጋጣሚ በሙሉ ወደ እኛ ከወጣና ከጀርባው ባዶ ከሆነ፣ አይቶ የተላከ ረጅም ኳስም ቅብብል ነው። ጥለዛ የምንለው ሳያዩ መምታቱን ነው። ሦስተኛ፣ በወር አንድ ጊዜ ወላጆችን ሰብስቦ የሚያደርገውን ይንገረን። ዝም ማለቱ ትሕትና ቢሆንም ለሐሜት በር ከፍቷል።

ለእኛ ለወላጆች ደግሞ፦ አሰልጣኙ ሁለት የውድድር ዘመን ይሰጠው። ክራይፍን ሁለት ዓመት የታገሠ ትልቅ ክለብ ካለ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጆችን በስምንት ጨዋታ መፍረድ ግፍ ነው። በጨዋታ ጊዜ እናጨብጭብ እንጂ ትእዛዝ አንስጥ። ሜዳ ውስጥ ላለ ልጅ ሠላሳ አሰልጣኝ አያስፈልገውም። ወደ ቤት ስንመለስም «ስንት ለስንት?» ከማለታችን በፊት «ዛሬ ከመቀበልህ በፊት ምን አየህ?» ብለን እንጠይቅ።

አንድ ነገር እንጨምር። ከ1984 ጀምሮ በዚህ አህጉር ያለነውን ኢትዮጵያውያን በበጋ ሜዳ ላይ የሚያሰባስበን የስፖርት ፌዴሬሽናችን ነው። ብዙ ማኅበር ስንመሠርትና ስናፈርስ ኳሱ ግን አላፈረሰንም። ነገ ያንን ማልያ የሚለብሱት እነዚህ ልጆች ናቸው። አማርኛው ቢያዳግታቸው፣ ታሪኩን ቢረሱት እንኳ፣ ጓደኛ ሲጨነቅ ሳይጠሩት መቅረብን ከዚህ ሜዳ ይዘው ቢሄዱ ወላጅነታችን ከንቱ አልቀረም።

እሑድ «ይቆይ» ለሚለው እጃችንን እናነሣለን፤ «ልጆቻችን ባርሴሎና አይደሉም» ያለን ወንድማችንም አጠገባችን እንዲቀመጥ ቦታ እንይዝለታለን። ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ ጨዋታ አለ። ኳሱ ለቀኝ ተከላካዩ ሲመጣ አፋችንን በቡና ኩባያችን ሸፍነን እንቆማለን። ቢነጠቅም።

ቸር ይግጠመን።